በጀርባዋ የምትተነፍሰው መኪና

ሰፈሩ የሚያወራውን ሰምቻለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰምቻለሁ፣ እድር ላይ ሰምቻለሁ፣ ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ሳይቀር ከጀርባዬ ሰምቻለሁ። «የይገዙ መኪና በልጁ ሠርግ ዕለት አርጅታ ሞተች» ይሉና ይስቃሉ። አርጅታ! ኧረ በሞቴ! እኔ አጸደ ነኝ፣ የይገዙ ሚስት፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ቁጭ በሉና የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስጨርስ የፈለገ ይሳቅ።

ይገዙን የማታውቁት ካላችሁ፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ማሽን ላይ ቆሞ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከጎጃም የመጣው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ኳስ አያይም። ጎረቤት ሁሉ «አንቺ የታደልሽ!» ይለኝ ነበር። የታደልኩ! የሌላ ሴት ባል ቢያንስ ውሽማውን ከሰፈር ውጭ ያስቀምጣል። የእኔው ግን ግቢዬ ድረስ አምጥቶ፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ነው ያቆማት።

ያገኛት አስኮ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ በሄደበት ግቢ ውስጥ አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን መጋዘን ሊያፈርሱ ሲሉ «ይህን ዝገት ያነሣልኝ ሰው ይጥፋ?» አሉ። አልጠፋም፤ የእኔ ባል ተገኘ። በአይሱዙ ተጭና ስትመጣ ዶሮ ይኖርባት ስለነበር የሹፌሩ ወንበር ላይ ሦስት እንቁላል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ጠብሼ በላኋቸው። ካርማን ጊያ ትባላለች። የስፖርት መኪና ናት፤ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከውስጥ ግን ሞተሯ የቮልስ ነው። ሰፈሩ ወዲያው «የተረገጠች ቮልስ» ብሎ ስም አወጣላት። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሳቄ ሳምንት አልቆየም። ለማድቤቴ ጣሪያ ብዬ ያስመጣሁትን አሥራ አራት ቆርቆሮ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ መኪናዋ ላይ ተመትቶ አገኘሁት። «ምንድን ነው ይሄ?» ስለው «ዝናብ መጣባታ» አለኝ። ዝናብ መጣባታ! እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዤ በአንድ እጄ ወጥ ሳማስል፣ እሷ በእኔ ቆርቆሮ ሥር ደረቅ ብላ ተኝታለች። እስካሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ወልደሰንበት የሚባል ጓደኛ አለው፤ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ አካባቢ የመኪና ላሜራ እየቀጠቀጠ የሚኖር፣ እሱንም ይሄው በሽታ የለከፈው፣ የራሱን ቮልስ በየሳምንቱ በሻምፖ የሚያጥብ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱ ሥሯ ገብተው ይተኛሉ፤ እስኪመሽ ከእነሱ የማየው እግር ብቻ ነው። የበሰበሰውን ወለሏን ከዘይት በርሜል ቆርጠው ሠሩላት። ለመስኮቷ ጎማ ሁለት ዓመት ሱማሌ ተራን ዞሩ። የማንኪያ መሳቢያዬን ስስብ ካንዴላ ይወጣል። የልጄን መታጠቢያ ሳፋ በነጭ ጋዝ ሞልቶ ፒስተን ይዘፈዝፍበታል። «ልጅቷን በምን ልጠባት?» ስለው «ነገ ታጠቢያት የለ» ይለኛል።

መቼም እውነት እውነት ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ሞተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ በተነሣች ቀን አንድ ረዥም እንጨት አመጣና ጫፉን ሞተሯ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጣት አየሁት። ያኔ ሰባት ዓመት ሠርቶባታል። እንደዚያ ተመስጦ እኔን አዳምጦኝ አያውቅም ብዬ ተናደድኩ። ሆዴ ግን ደስ አለው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ወሬው ነበር። በራችንን ያንኳኳ ሁሉ ይነገረዋል። መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ተነግሮታል፣ ጠበል ሊቀምስ የመጣ ተነግሮታል፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሳይቀር ተነግሮታል። «ይቺ ራዲያተር የሚባል የላትም። ውሃ አትጠጣም። የሚያቀዘቅዛት አየር ብቻ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የምትተነፍሰው በጀርባዋ ነው፣ በእነዚህ ክዳኑ ላይ ባሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች። ከውስጥ ደግሞ ማራገቢያ አለ…» ማራገቢያው ላይ ሲደርስ እኔ «በቃህ እንግዲህ፣ ሰው ሥራ አለው!» እላለሁ። እሱም እሺ ብሎ ያቆማል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማራገቢያው አልፌ ሰምቼው አላውቅም።

ልጃችን ሳያት መኪናዋ ስትመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር። የቤት ሥራዋን የምትሠራው መሪው ሥር ቁጭ ብላ ነው። አንድ ቀን «አባዬ፣ መኪናዋ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው። «አንቺ ስትዳሪ በዚህች ነው የምወስድሽ፤ እኔው ራሴ ነድቼ» አላት። «እመቤቴን በል» አለችው። «እመቤቴን» አለ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ለዚያች መኪና የተፈታው ቡሎን፣ የተገዛው ዕቃ፣ የተበላሸው ልብስ ሁሉ ለዚያ ቀን ነው። እንዲሸጥለት የለመነው ሰው ብዙ ነው፤ ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር፦ «የልጄ ናት።»

ቀኑም ደረሰ፤ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ቀዳማዊ ይባላል፤ ጨዋ ነው፣ ስለ እሱ ክፉ ከአፌ አይወጣም። አጎቱ ግን! አቶ ተክለማርያም ይባላሉ፤ ቤታችን ሲገቡ ጫማቸውን ያበላሸባቸው ይመስል ወለሉን እያዩ የሚራመዱ ሰው። ነገሩ አልቆ፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ተብሎ፣ ሁሉም ደስ ብሎት እያለ ይገዙ ሽማግሌዎቹን ወደ ጓሮ ወሰዳቸውና ጀመረ። ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አትጠጣም… እኔ በመስኮት «ይገዙ! ምግብ ቀርቧል!» እያልኩ እጮሃለሁ። አቶ ተክለማርያም ቁልፋቸውን ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ ሰሙትና «አቶ ይገዙ፣ ሙሽሪትን በዚህ ጭነን ሰው ምን ይለናል? እኔ ሦስት ቪኤይት አሰልፋለሁ» አሉ።

«ለልጄ ቃል አለብኝ» አላቸው።

«ኧረ ተው! የሙሽራ አባት ሹፌር ይሆናል እንዴ?»

«እሆናለሁ» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። በእሳቸው ስድነት ተቃጠልኩ፤ በእሱ ወሬ አፈርኩ። ሳያት «በአባዬ መኪና ነው የምሄደው፣ አለቀ» አለችና አፋቸውን አዘጋች። ሰዎቹ ሲወጡ ግን ማድቤት ገብታ አለቀሰችብኝ። «እማዬ፣ መኪናዋን እወዳታለሁ። ግን የሠርጌ ቀን አባዬ ስለ ሞተር ሲያወራ እነሱ ሲያሾፉበት ካየሁ አልችልም። አንድ ቀን ብቻ ዝም ይበል።»

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ከረባቱን እያሰርኩለት «ስማኝ ይገዙ» አልኩት። «ዛሬ ስለዚህች መኪና አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።»

«አንዲት?»

«አንዲት!»

ትንሽ አሰበና «ብትታመምስ?» አለኝ።

«ብትቃጠልም! ብትቃጠልም ዝም ትላለህ። ማልልኝ።»

«ሳያትን» አለ። ይገዙ በልጁ ስም ከማለ፣ አለቀለት።

ከረፋዱ ላይ የሙሽራው ወገን ዲኮር ሠሪ ላኩ። ጆሲ ይባላል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ከፊት በኩል ሪባን አሰረ፤ ይሁን። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደና አንድ ትልቅ የስፖንጅ ሰሌዳ አወጣ፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ በፕላስቲክ አበባ የሙሽሮቹ ስም የተጻፈበት። እሱን የኋላ ክዳኗ ላይ ዘረጋው። ልክክ አለ። በዚያም አልበቃውም፤ ሰፊ ፕላስተር አውጥቶ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ ለጠፈው። «ነፋስ ገብቶ እንዳይነቅለው ነው» አለኝ በኩራት። ነፋስ እንዳይገባ! እኔም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስሰማ የኖርኩት ሴትዮ፣ «እሰይ፣ እንዴት አማረባት!» ብዬ እልል አልኩ።

ይገዙ አዲሱን ሱፉን ለብሶ ከቤት ወጣ። በኋላዋ በኩል ዞረና ቀጥ ብሎ ቆመ። አበባውን አየ፣ ፕላስተሩን አየ። አፉን ከፈተ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ፈልጎ አየኝ። ከጎኔ አቶ ተክለማርያም ስልካቸውን ደግነው ይቀርጻሉ፤ ሳያት ቬሏን ለብሳ ደጃፉ ላይ ብቅ ብላለች። ፕላስተሩ ቀለሟን ያበላሽብኛል ሊል ነው ብዬ አሰብኩ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

አፉን ዘጋ። ሄዶ ለልጁ በሩን ከፈተላት።

መንገድ ላይ የሆነውን የነገረኝ ቀዳማዊ ነው። ሙሽሪት ከነቀሚሷ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ሙሽራው ከኋላ፣ ለሕፃን በምትበቃው ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ፣ ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ። ከፊት ያለው ቪዲዮ ቀራጭ በመስኮት ወጥቶ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይላል። ከሰው እርምጃ ሳይፈጥኑ የሠርጉ አዳራሽ ወዳለበት ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ሄዱ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ያው እንደ ልማዱ መዞር መጣ፤ ክላክስ እየተነፋ፣ ሚዜ በመስኮት እየጨፈረ። ሦስቴ ዞሩ። ሦስት ይበቃል አይደል? አቶ ተክለማርያም ከቪኤይታቸው አንገታቸውን አውጥተው «ድገሙት!» አሉ። ዘጠኝ ጊዜ ዞሩ። ዘጠኝ!

ቀዳማዊ ጀርባው ጋለ። ጎማ የሚቃጠል ሸተተው። «አባባ፣ የሚሸት ነገር የለም?» አለ። ይገዙ ላቡን እየጠረገ «ዛሬ ስለ መኪና አላወራም ልጄ፤ ቃል አለብኝ» አለው። የዘይቷ ቀይ መብራት በራ። ከደረት ኪሱ መሐረቡን አወጣና መብራቷን ሸፈናት፣ ሳያት አይታ እንዳትደነግጥ። ያን ሁሉ ዓመት በእንጨት ያዳመጣትን ሞተር፣ እየታነቀች ስትሞት እየሰማ ነዳ።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ጓ አለችና ጸጥ አለች። በነበራት ግፊት ብቻ እየተንከባለለች ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመች። ልጁን በቃሉ መሠረት አደረሳት። ወረደ፣ በሩን ከፈተ፣ እጇን ያዛት፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ይዟት ገባ። ከኋላ ጭሱ ይወጣል። አቶ ተክለማርያም «ጥብሱን ከውጭ ነው እንዴ የጀመራችሁት?» አሉ። ደጅ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ይገዙም ሳቀ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ አብሬ ፈገግ አልኩ።

ሰኞ ወልደሰንበት በራሱ ቮልስ በገመድ ጎትቶ አመጣልን። ስፖንጁ ቀልጦ ክዳኗ ላይ ተጋግሯል። አበባው ጠቁሯል። ሞተሯን ፈትተው ሲያዩ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ፒስተኑ ቀልጦ ተጣብቋል። ወልደሰንበት መፍቻውን ጣለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያን ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

እኔ ላብድ ደረስኩ። ስልኬን አንሥቼ ጆሲ ላይ ጮህኩበት፤ የማልነግራችሁን ሁሉ አልኩት። ጨርሼ ስተነፍስ «እማማ፣ እኔ መኪና ሁሉ ከፊት የሚተነፍስ ነው የሚመስለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የሠራሁት፤ ማንም ምንም አላለኝም» አለ። ማንም ምንም አላለኝም! ስልኩን ዘጋሁና ወደ ይገዙ ዞርኩ።

«አንተ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምላስ የለህም? ለቆጣሪ አንባቢ ስትናገር፣ ለለቅሶ ደራሽ ስትናገር ኖረህ፣ መናገር በነበረብህ በዚያች ሰዓት ምን ያዘህ? ለምን አልተናገርክም? ለምን?»

ክፉ ቃል አልመለሰልኝም። አልተቆጣኝም። ዘይት የነካ ጣቱን አነሣና ቀስ ብሎ ከንፈሩ ላይ አደረገው።

ማድቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ማክሰኞ መልስ ነበር፤ ሙሽሮቹ ከነወገናቸው እኛ ቤት መጡ። ይገዙ ቃሉ ለአንድ ቀን ነበር፤ እሱ ግን በዚያው ዘግቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር አልተነፈሰም፤ ለወልደሰንበት እንኳ። ግቢው ውስጥ የተፈታው ሞተር ላይ ሸራ አልብሶበታል። ቤቱ ጸጥ አለብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት «ዝም በል» ስለው የኖርኩ ሴት ዝም ሲል ፈራሁ፤ ይባስ ብሎ ለእንግዳ ዳቦ እያዞረ ፈገግ ይላል!

ሳያት «አባዬ፣ መኪናዋ ምን ሆና ነው?» አለችው።

እኔን አላየኝም። «አርጅታ ነው ልጄ» አላት። «ዕድሜ ነው።»

አቶ ተክለማርያም ክትፏቸውን እየጎረሱ «ብያችሁ አልነበር? አሮጌ ዕቃ አሮጌ ነው። እኔን ሰምታችሁ ቢሆን…» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ አስቀመጥኩት ይባል እንጂ ብርጭቆ ተንኮታኩቷል።

«ተነሡ!» አልኩ።

«ምን?»

«ተነሡ አልኩ! ሁላችሁም! እርስዎም ጭምር አቶ ተክለማርያም፣ እጅዎን ይጥረጉና ይነሡ!»

በመልስ እንግዳ ላይ እንዲህ የጮኸች ሴት በኮልፌ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። ወደ ግቢ ነዳኋቸው። ሸራውን ገፈፍኩት። የተቃጠለውን ስፖንጅ አንሥቼ አቶ ተክለማርያም እጅ ላይ አኖርኩት። «አርጅታ አይደለም!» አልኩ። «ይቺ ራዲያተር የላትም! ውሃ አትጠጣም! የሚያቀዘቅዛት አየር ብቻ ነው! የምትተነፍሰው በጀርባዋ ነው፣ በእነዚህ ቀዳዳዎች! እናንተ የላካችሁት ልጅ በፕላስተር አፈናት፣ እርስዎ ዘጠኝ ጊዜ አዞሯት፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ እያወቀ ዝም አለ። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። በልጁ ስም አስምዬ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ! ጣቴን ከንፈሬ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ! ከውስጥ ደግሞ ማራገቢያ አለ…»

እዚያ ላይ ቆምኩ። ከማራገቢያው በኋላ ያለውን አላውቀውም። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የማቋርጠው።

ሳያት በሐበሻ ቀሚሷ ጥቁር ዘይት ላይ ተንበርክካ የተሰነጠቀውን ብረት በሁለት እጇ ይዛለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ቀዳማዊ ከኋላዋ ቆሟል። አቶ ተክለማርያም ያንን ስፖንጅ እንደያዙ ቀርተዋል። ወደ ይገዙ ዞርኩ።

«ቀጥል» አልኩት።

የገፈፍኩትን ሸራ አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ።

«ማራገቢያው ምን ያደርጋል? ንገረኝ። ቀጥል!»

ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ብረቱን ከሳያት እጅ ተቀብሎ «ማራገቢያው…» ብሎ ጀመረ። አየሩን እንዴት እንደሚስብ፣ እንዴት ለአራት እንደሚያካፍለው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያንሰው፣ በዚያም የተነሣ በየትኛው በኩል ቀድማ እንደምትጎዳ ነገረን። ማንም አላሾፈም። አቶ ተክለማርያም ሳይቀሩ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

ሲጨርስ ስልኬ ላይ ሰዓት አየሁ። ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀበት። ሃያ ሁለት ዓመት «ረዘመ፣ በቃህ» እያልኩ ያቋረጥኩት ሰባት ደቂቃ ነው።